ስድስት ቀን ያደረ እንቁላል

ከአላማጣ ተነስቶ ደሴ የሚገባው የሹፌሩ የብርሃነ ቅጥቅጥ መኪና አንድ ማለዳ ቆቦ ላይ፣ ከኒሙ ዛፍ ስር ቆመ። መስኮት ዳር የተቀመጡ አንዲት አሮጊት የተቀቀለ እንቁላል ገዙ። ገዙት እንጂ መላጥ አልቻሉም፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። አንዴ ከመስኮቱ ብረት ጋር ያጋጩታል፣ አንዴ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ይፈቀፍቁታል፣ እንቁላሉ ግን ንቅንቅ አላለም። አጠገባቸው ያለው ጎረምሳ ጆሮው ላይ ገመድ ሰክቶ አንገቱን ያወዛውዛል። ያን ጊዜ ከታች የቆመው ሻጭ፣ ነጭ ኮፍያ ያደረገ፣ ፂሙ ወደ ሽበት ያደላ ረዘም ያለ ሰው፣ እጁን ወደ መስኮቱ ዘረጋ።

«እናቴ፣ ወዲህ ያምጡት» አላቸው።

እንቁላሉን ተቀብሎ ወፍራሙን ጫፍ በባልዲው ጠርዝ ቀስ ብሎ መታው። በሁለት መዳፉ መሀል አንከባለለው። ከዚያ ቅርፊቱ ልክ ኩታ ከትከሻ እንደሚወርድ ሁሉ ሸርተት ብሎ ወረደ። ሙሉውን አልሰጣቸውም። ከደረት ኪሱ ንጹህ ክር አውጥቶ በክሩ አራት ቦታ ቆረጠው፣ ጨው ነሰነሰበት፣ ወረቀት ላይ አደረገው። አሮጊቷ አንዷን ቁራሽ ለማንሳት ሲቸገሩም ወረቀቱን ከአገጫቸው ስር ይዞ፣ አራቱንም በልተው እስኪጨርሱ ቆመ። ሹፌሩ ሁለቴ ጥሩምባ ነፋ። ሰውየው የሰማ አይመስልም።

ይህን ሁሉ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ አንድ መንገደኛ እንዲያው በአጋጣሚ አየ። ይህን የሚጽፈውም እሱ ነው። ጉዳዩን ለማግስቱ አደረገና ወረደ፤ ከኒሙ ስር ተቀምጦም ሻጩን «ይህን እጅ ከየት ተማርኸው?» ብሎ ጠየቀው። መልሱ ጠዋት ተጀምሮ ከሰዓት አለቀ። ሰውየው፣ ስሙ ኡበይድ ነው፣ ከአርባ ቀን በፊት እንኳን እንቁላል መላጥ ውሃ መጣድም አያውቅም ነበር።

ኡበይድ የቆቦ ልጅ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የአንድ ነጋዴን የእህል መጋዘን ጠብቋል። ጉልበቱ አልታዘዝ ሲለው ከጥበቃው ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ቤቱ የሚኖረው በሚስቱ በሳቢራ እንቁላል ነው። ሳቢራ በየማለዳው ከአስፋልቱ ዳር፣ ከኒሙ ስር ከሰል ታያይዛለች፣ አርባ እንቁላል ትቀቅላለች። አንድ ሰዓት ተኩል ሲል የብርሃነ መኪና ይደርሳል። ብርሃነ የአላማጣ ክርስቲያን ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተሳፋሪውን ቁርስ የሚያበላው እዚያው ኒም ስር ነው። መንገዱ ሰላም ባልዋለባቸው ወራት እንኳን፣ መኪና መሄድ የጀመረ ዕለት መጀመሪያ ያቆመው እዚያ ነበር።

የዚህ መንገድ ቁርስ እንቁላል የሆነበት ምክንያት አለው። በራያ መኪና ውስጥ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ነው የሚሄደው። ስጋ ቢሆን ማን አረደው፣ ማን ባረከው ይባላል። እንቁላል ግን ቢላዋ አይጠይቅም። አንዱ «ቢስሚላህ» ይላል፣ አንዱ ያማትባል፣ ሚጥሚጣው ሁለቱንም እኩል ያስነጥሳል።

ታዲያ ደሴ ያለችው ልጃቸው ፈሪሀ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ሳቢራ አርባ ቀን ልታርሳት መሄድ አለባት። ጓዟን እያሰረች አንድ ነገር ብቻ አሳሰባት።

«ቦታው ባዶ ከዋለ ሌላ ሰው ይይዘዋል» አለች። «ብርሃነም ከኛ በፊት ዋጃ ላይ ማቆም ይለምዳል። ያቺ የዋጃዋ ሴትዮ መሀል መንገድ ወጥታ ሻሿን እያውለበለበች ነው መኪና የምትጠራው። የእህቴን ልጅ ዘሊካን ላናግራት?»

«ለምን? እኔ ሞቻለሁ?» አለ ኡበይድ።

«አንተ?»

«እንቁላል መቀቀል ምን ጥበብ አለው? ውሃ ነው፣ እሳት ነው፣ አለቀ።»

ሳቢራ ገመዱን ትታ ቀና አለች። ባሏን ከእግሩ እስከ ኮፍያው አየችው። «እሺ እንግዲያው፣ ስማኝ። መጀመሪያ እንቁላሉን...»

«ሳቢራ፣ እኔ እኮ ሁለት ሺህ ኩንታል ስንዴ የጠበቅሁ ሰው ነኝ።»

«ስንዴውን አልቀቀልኸውም።»

«ሂጂ፣ ልጅሽን እይ!»

ሄደች። መኪናው ሲነሳ ግን በመስኮት አንገቷን አውጥታ ጮኸች፦ «ብርሃነን እንዳታስቀይምብኝ! ለሌላው አላህ አለ!»

ሰኞ ማለዳ ኡበይድ ከኒሙ ስር ተሰየመ። ከጎኑ ሻይ የምትሸጠው መብራት ናት። መብራት ከማይጨው ወገን መጥታ ቆቦ ላይ ሃያ ዓመት የኖረች ሴት ናት፤ ልቧ ደግ፣ ምላሷ ሚጥሚጣ። ብርጭቆ እያጠበች በጎን ታየዋለች። ኡበይድ ውሃው መንተክተክ ሲጀምር እንቁላሎቹን ራቅ ብሎ፣ እጁን እሳት እንዳይነካው፣ ኩሬ ውስጥ ጠጠር እንደሚጥል ሰው አንድ በአንድ ወረወራቸው። ሰባቱ ወዲያው ተሰነጠቁ። ነጩ እየወጣ ድስቱ ላይ አረፋ ሆነ።

«አያ ኡበይድ፣ ዛሬ ሾርባ ነው እንዴ?» አለች መብራት።

«የእንቁላል ላብ ነው» አለ ኡበይድ ቆፍጠን ብሎ።

ስንት ደቂቃ እንደሚፈላ አያውቅም። ግን ዘዴ ነበረው። ዘጠና ዘጠኝ ፍሬ ያላትን መቁጠሪያ፣ ሙስበሃውን አወጣ፤ ሦስት ዙር ዚክር ሲሞላ እንቁላሉ ይበስላል ብሎ ወሰነ። በምን እንደወሰነ ሲጠየቅ «ሦስት ጥሩ ቁጥር ነው» ይላል። ዘዴው ክፉ አልነበረም። ክፉ የሆነው የቆቦ ሰው ሰላምታ ማብዛቱ ነው። ኡበይድ አርባኛው ፍሬ ላይ ሲደርስ አንዱ «አሰላሙ አለይኩም» ይላል። ሰላምታ መመለስ ግዴታ ነው። መለሰ። ቤተሰብ ተጠየቀ፣ ከብት ተጠየቀ፣ ዝናብ ተጠየቀ። ተመልሶ ሲቆጥር የት እንደነበር ጠፋው። ሠላሳ ላይ ነበርኩ ብሎ ጀመረ። ሌላ ሰው መጣ። ሁለተኛውን ዙር የጀመረ ይሁን የጨረሰ ሳያውቅ የብርሃነ ጥሩምባ ተሰማ፤ ድስቱን አወረደ።

የመጀመሪያውን እንቁላል የገዛው ሽማግሌ ሆኖ ወልዲያ ልጅ ሊጠይቅ የሚሄድ፣ ክራባት ያሰረ ሰው ነበር። ገና ጫፉን ሲገምጠው አስኳሉ ክራባቱን ይዞ እስከ ቀበቶው ወረደ።

«ያ አላህ!» አለ ኡበይድ፤ በራሱ ሻርፕ ሊጠርግለት ሞከረ። ጠርጎ ጠርጎ ክራባቱን ሙሉ ቢጫ አደረገው።

«ተወው ጋሼ» አለ ሰውየው ክራባቱን እየፈታ። «ልጅቷን ከከለከሉን ምክንያቱን አውቀዋለሁ።»

ማታ ሳቢራ ደወለች። «እንዴት ዋልህ?»

«አልሀምዱሊላህ።»

«እንቁላሉስ?»

«አልሀምዱሊላህ።»

«ብርሃነስ?»

«እሱም አልሀምዱሊላህ።»

ኡበይድ አልዋሸም። አማኝ ለደጉም ለክፉውም አላህን ያመሰግናል። ሳቢራ ሦስቱንም ለደጉ ቆጠረችለት እንጂ።

በማግስቱ መብራት ስለ ሙስበሃው መከረችው። «ስልክህ ሰዓት የለውም እንዴ?»

«ስልክ አላህን አያስታውስም።»

«እንግዲያው ድምፅህን ከፍ አድርገህ አስታውስ። ዱዓ ላይ ነው ብሎ ሰው ሰላም አይልህም።»

ኡበይድ ጮክ ብሎ ዚክር ማድረግ ጀመረ። እውነትም አላፊ አግዳሚው እጁን ደረቱ ላይ እያደረገ፣ አንገቱን እየሰበረ አለፈ። ሦስት ዙር ተቆጠረ። አንዱ እንቁላል ተሰብሮ ሲታይ ነጩ ጸንቷል፣ አስኳሉ እንደ ጤፍ ዱቄት ደቅ ብሏል። ኡበይድ ደስ አለው። ያን ዕለት ጭንቁ ሁሉ ያለቀ መስሎት ነበር።

ዋናው ጭንቅ ግን ቅርፊቱ ላይ ነበር የሚጠብቀው፤ ያንን ያመጣውም ክፋት አይደለም። ኡበይድ ሐቀኛ ሰው ነው። ሳቢራ ስትሄድ መቶ ያህል እንቁላል በቅርጫት፣ በጤፍ ገለባ ውስጥ ትታለት ነበር። አይቶ አፈረ። «ያደረ ነገር ለመንገደኛ አላበላም» ብሎ ቅርጫቱን አልጋ ስር ገፋው። እሱ በየማለዳው ከሱብሂ ሶላት በኋላ የጎረቤቱን በር እያንኳኳ፣ ከዶሮዎቹ ስር ገና የሞቀውን እንቁላል እየሰበሰበ ያመጣል። አንዲት ዶሮ እጁን ነክሳዋለች። ለአላህ ሲል ታገሠ።

ያ ትኩስ እንቁላል በደንብ በሰለ፤ አልላጥ አለ። ተሳፋሪው ሁሉ ጭኑ ላይ ወረቀት ዘርግቶ ይፈለፍላል። ቅርፊቱ የሚነሳው ከነነጩ ነው። አይጥ የቀመሰው የመሰለ እንቁላል ይዞ አንዱ ጮኸ፦ «ጋሼ፣ ግማሹን ቅርፊቱ በላብኝ!»

«የኔው ሙሉውን በላው» አለ ከኋላው ያለው። «አስኳል ብቻ ነው የቀረኝ።»

ብርሃነ ራሱ መሪው ላይ ተደፍቶ ሲታገል ቆየ። በመጨረሻ ጥፍሩን አይቶ አንገቱን አወጣ። «አያ ኡበይድ! ይሄን እንቁላል ዶሮዋን ሳታስፈቅድ ነው እንዴ ያመጣኸው? አልለቅ አለኮ!»

ሩብ ሰዓት ይቆም የነበረው መኪና አርባ ደቂቃ ቆመ። ብርሃነ ደሴ ሲደርስ የመመለሻ ተራው አልፎታል። ሲመሽ ሳቢራ ደወለች፤ አልሀምዱሊላህ።

ረቡዕ ደግሞ ከዚህ ባሰ። መኪናው ቆመ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ተሳፋሪ እንቁላሉን አይቶ ፊቱን አዞረ። ብርሃነም ሻዩን ብቻ ጠጥቶ ተነሳ። ኡበይድ ድስቱን አቅፎ፣ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

«አለቀ፣ መብራት» አለ። «ጠሉኝ። የሳቢራን ደንበኛ ጨረስሁት።»

መብራት ስትስቅ ብርጭቆ ከእጇ ሊያመልጥ ነበር። «ረቡዕ ነው እኮ! ፆም ነው! አንተ ሰውዬ፣ ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ነህ፤ ረቡዕ ቀን ቅቤ ስበላ አይተህ ታውቃለህ?»

ኡበይድ አሰበ። አላየም። ሃያ ዓመት ሙሉ ከጎረቤቱ ቤት ረቡዕና አርብ ሽሮ ይሸተዋል፤ ሽሮ የሚወዱ ሰዎች ናቸው ብሎ ነው ያለፈው።

«እንዲያውም አንድ አምጣ» አለች መብራት። «አልበላውም፣ ልላጠው ብቻ።» ወሰደችና ሞከረች፤ ወዲያው ቅንድቧ ተሰበሰበ። «ይሄ እንቁላል መቼ የተጣለ ነው?»

«ዛሬ!» አለ ኡበይድ በኩራት። «ስይዘው ሙቀቱ ነበረው።»

«ዋይ ኣነ!» ብላ መብራት ጭኗን መታች። «ትኩስ እንቁላል የተላጠው የት አገር ነው? ቅርፊቱ እንዲለቅ አምስት ስድስት ቀን ማደር አለበት። እኛ ለፋሲካ ዶሮ ወጥ የምንከተውን እንቁላል ከሆሳዕና በፊት ነው የምናስቀምጠው። ምነው ሳቢራ አልነገረችህም?»

ልትነግረው ጀምራ ነበር። ስለ ስንዴው ሲነግራት ነው ያቋረጠችው። ይህን ለመብራት አልተነፈሰም።

«ያደረ ለሰው ሸጬ አላህን ምን ልለው ነው?» አለ።

«አላህን ጠይቀው፤ ትኩሱን ካልተውህ ግን ብርሃነን ነገ አታገኘውም።»

ከአስር ሶላት በኋላ ሼህ በድረዲን ዘንድ ሄደ። ሼሁ ጓሯቸው ውስጥ ፓፓያ ያጠጣሉ። ኡበይድ ነገሩን ከሳቢራ ጉዞ ጀምሮ እስከ ዶሮዋ ንክሻ ተረከላቸው።

«ሸተተ?» አሉ ሼሁ።

«የለም።»

«ውሃ ውስጥ ስትከተው ይንሳፈፋል?»

«ይሰምጣል።»

«እንግዲያው ምን ሆነ? እኔም ስድሳ ስምንት ዓመት አድሬያለሁ።» የውሃውን ጣሳ አስቀመጡ። «ስማ ኡበይድ። የጠየቀህን ሰው ብትዋሸው ማታለል ነው። ለጠየቀህ እውነቱን ከነገርኸው ግን ንግድህ ሐላል ነው። በዚህ ላይ የሳቢራን እንቁላል ስንት ዓመት በልቻለሁ! ሂድ፣ በረካ ይሁንልህ።»

ኡበይድ ልቡ ቀሎት ወጣ። ነገር ግን ጥንቁቅ ሰው ነውና መንገድ ላይ ሲያስበው፣ ካልተጠየቀስ? ጠያቂ ባይኖር እውነቱ ተደብቆ ሊቀር ነው። ስለዚህ ሳይጠይቁኝ ልንገራቸው ብሎ ቆረጠ፤ የሳቢራንም ቅርጫት ከአልጋ ስር ሳበ።

ሐሙስ ማለዳ የብርሃነ መኪና ገና ሲቆም፣ ኡበይድ ሳህኑን ከፍ አድርጎ መጋዘን ሲጠብቅ በነበረው ድምፁ ጮኸ፦ «ያደረ እንቁላል! ስድስት ቀን ያደረ! ያደረ እንቁላል!»

መስኮቶቹ ከፊት እስከ ኋላ ጣ፣ ጣ፣ ጣ እያሉ ተዘጉ።

ኡበይድ ያልሰሙት መስሎት ወደ ኋላ በር ዞሮ ደገመው። አንዲት ሴት አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች። ብርሃነ መሪው ላይ ተደፍቶ ትከሻው እስኪርገፈገፍ ሳቀ፤ እንባውን ጠረገ። ከኋላ ግን ተሳፋሪው ማጉረምረም ጀመረ፤ «ዋጃን አልፈኸን እዚህ ልታስርበን ነው?» ሲሉት ሳቁ ጠፋ። ወርዶ ኡበይድን ወደ ጎን ወሰደው።

«አያ ኡበይድ፣ ሳቢራን እንደ እህቴ ነው የማያት» አለ። «አንተንም አከብርሃለሁ። ግን ሰው በባዶ ሆዱ ደሴ አላደርስም። ነገ አርብ ነው፣ ግማሹ አይበላም፤ አላቆምም። ቅዳሜ አንዴ ቆሜ አያለሁ። ቅዳሜም እንዲህ ከሆነ ከዚያ በኋላ ዋጃ ነኝ። እንዳትቀየመኝ።»

«አልቀየምህም» አለ ኡበይድ። አሥራ አንድ ዓመት በሳቢራ እጅ የቆየ ነገር በእሱ እጅ አራት ቀን አልሞላም።

ያን ዕለት ያልተሸጠውን አርባ እንቁላል መስጊድ ደጅ ወስዶ ለቀን ሠራተኞች አደለ። ሲልጥላቸው ልብ አለ፤ ከትኩሱ ይሻላል፣ ግን አሁንም እዚህም እዚያም ይይዛል። ለመብራት ነገራት።

«ከእሳት አውጥተህ የት ነው የምታስቀምጠው?»

«ሳህን ላይ። እንዳይቀዘቅዝ በጨርቅ እሸፍነዋለሁ።»

«መቀዝቀዝ ነው ያለበት! ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከረው! ሲደነግጥ ነው የሚለቅ።»

አርብ ማለዳ የብርሃነ መኪና ጥሩምባውን ነፍቶ ሳያቆም አለፈ። ኡበይድ ከኒሙ ስር ቆሞ አቧራው እስኪበርድ አየው። ከጁምዓ ሲመለስ እጅጌውን ሰብስቦ ማድቤት ገባና በሩን ዘጋ። የቆቦ የቧንቧ ውሃ በፀሐይ ግሎ ለሻይ ሊደርስ ምንም አይቀረው፤ እንቁላል አያስደነግጥም። ገንቦ ሞላ፣ ገንቦውን በረጠበ ጆንያ ጠቀለለ፣ ንፋስ በሚመጣበት ጥላ አስቀመጠው። ከዚያ ፈተናው ተጀመረ። እንቁላሉን በጭልፋ ቀስ አድርጎ ፈላ ውሃ ውስጥ ያወርዳል። ሦስት ዙር ዚክር። ወዲያው ወደ ገንቦው ውሃ። አንዱን ቶሎ ላጠ፣ ያዘ። አንዱን አንድ ዙር ዚክር ያህል አቆየው፣ ተሻለ። አንዱን ከቀጭኑ ጫፍ ጀመረ፣ አበላሸው። አንዱን ከወፍራሙ ጫፍ፣ አየር ያለበት ጎን ነውና ስሱ ቆዳው አብሮ ተነሳለት። አንዱን መጀመሪያ በመዳፉ አንከባለለው፤ ቅርፊቱ ሁሉ ደቀቀና እንደ ካልሲ ወጣ። የተበላሸውን ሁሉ እየበላ ዘጠኝ እንቁላል ዋጠ። አሥረኛውን ማየት አልቻለም።

ሲጨርስ ሁለት ረከዓ ሰገደ። «ያ ረቢ» አለ፣ «ሰው በርሃብ ሲፈተን አውቃለሁ፣ በበሽታ ሲፈተን አውቃለሁ። በቅርፊት የተፈተነ እኔን አየሁ። ለሳቢራ ስትል አትርፈኝ።» ከዚያ አገሳና ተኛ።

ቅዳሜ መጣ። የብርሃነ መኪና ከኒሙ ስር ቆመ፤ ሞተሩ ግን አልጠፋም። ብርሃነ እጁን ማርሹ ላይ እንዳደረገ በመስታወት ያየዋል። ኡበይድ ዛሬ አልጮኸም። አንድ እንቁላል ከባልዲው አወጣ። መኪናው ውስጥ ያለው ሁሉ እንዲያየው ከፍ አደረገው፣ ወፍራሙን ጫፍ መታ፣ አንከባለለ፣ ጎተተ። ቅርፊቱ በሁለት ቁራጭ ወለቀ። እንቁላሉ ጥርሱን ገና እንደፋቀ ሰው ነጣ ብሎ ወጣ።

አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ ሴት መስኮቷን ከፈተች። «አንተ ወንድም፣ እንዴት ነው እንዲህ የለቀቀልህ? እኔ ቤት እኮ ገላው ሁሉ ተቦጫጭቆ ነው የሚወጣው!»

ተጠየቀ። ሼሁ ያሉት ቀን ይኸው ደረሰ፤ መዋሸት የለም።

«እህቴ... ከስድስት ቀን በላይ ያደረ ነው» አለ። የመስኮቶቹን መዘጋት ጠበቀ።

«ለዚህ ነዋ!» ብላ ሴትዮዋ ግንባሯን መታች። «እኔ ሞኟ ደግሞ ለእንግዳ ብዬ ትኩስ ትኩሱን! ሁለት ስጠኝ። ቆይ፣ ለስንት ደቂቃ ነው የምታፈላው?»

«ለሦስት ዙር ሙስበሃ።»

«እኔ ክርስቲያን ነኝ!»

«እንግዲያው አሥር ደቂቃ» አለች መብራት ከጎን።

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማቸው! ከፊት ወንበር አንዱ ሆምጣጤ ጠብ ማድረግ ነው የሚሻለው አለ። አንዱ ተማሪ የለም ሶዳ ነው ብሎ ተከራከረ። የሮቢት ገበሬ ነኝ ያለ ሰው ደግሞ እንቁላል መቀቀል ራሱ ጥፋት ነው፣ ጥሬውን መጠጣት ነው እንጂ ብሎ ሁሉንም አስጮኸ። ኡበይድ በየመስኮቱ እየዞረ ያስረዳል፤ በጭልፋ አውርዱት፣ አትወርውሩት፤ እኔ ወርውሬ አይቻለሁ። ከእሳት ሲወጣ አስደንግጡት። ከወፍራሙ ጫፍ ጀምሩ። የሚንሳፈፍ ካገኛችሁ ጣሉት፣ እሱ ከማደርም አልፏል። እየተናገረ ይልጣል፣ እየላጠ ይሸጣል። በዚህ መሀል አንድ ነገር ጎደለበትና ዞር አለ። የጎደለው የሞተሩ ድምፅ ነበር። ብርሃነ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ወርዶ ከመብራት በርጩማ ላይ ተቀምጧል።

«ለኔም ሁለት» አለ። «ሚጥሚጣ አብዛበት።»

ኡበይድ ሁለት ላጠና ሚጥሚጣውን ነስንሶ አቀበለው። «አልሀምዱሊላህ» አለ፤ ማታም ለሳቢራ የነገራት ያንኑ ነው፤ ድምፁ ግን ትንሽ ሞቅ ስላለ «ምነው፣ ጉንፋን ያዘህ?» አለችው።

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ኡበይድን በመንገዱ ላይ «መምህር» ይሉታል። አንዳንዱ ደሴ ደርሶ ሲመለስ ቤቱ ሞክሮት እንዴት እንደሆነ ይነግረዋል፤ አንዲት ሴት የቀቀለችውን ጭራሽ ይዛለት መጥታ «እየው፣ ምኑ ላይ ነው ያጠፋሁት?» ብላዋለች። ብርሃነ ተሳፋሪው ለጥያቄ ሲሰለፍበት ጥሩምባውን እየነፋ ይጮሃል፦ «ትምህርቱ አበቃ! ፈተናው ደሴ ነው፤ ግቡ!»

መንገደኛው ይህን ሁሉ ሰምቶ በማግስቱ ማለዳ ጉዞውን ሊቀጥል ሲል አርባው ቀን ሊሞላ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ሳቢራ ልትመለስ ነው። የብርሃነ መኪና ቆሟል፣ ሞተሩ ጠፍቷል፣ ኡበይድ ይልጣል። እንደ ትናንቱ ግን አይጫወትም።

«ምነው ዝም አልህ?» አለችው መብራት። «ሚስትህ ልትመጣ አይደል፣ ምን ጎደለህ?»

«መምጣቷማ ደስታ ነው» አለ። «ቦታዋን አገኘችው፣ ብርሃነን አገኘችው። አላህ አላሳፈረኝም።» አንድ እንቁላል ላጠ፤ ከመሸጥ ይልቅ ሲያየው ቆየ። «ብቻ እኔ ደግሞ ቤት ልገባ ነው። ጉልበቴ ካመመኝ ወዲህ አራት ዓመት ግድግዳ ሳይ ነው የዋልሁት። በዚህ በአርባ ቀን ስንት ሰው ስሜን ጠራው።»

መብራት የታጠበውን ብርጭቆ ደግማ አጠበችው።

ብርሃነ ጥሩምባውን ነፋ። መንገደኛው ቦርሳውን አንስቶ ሊሰናበት ሲጠጋ ኡበይድ እጁን በሻርፑ ጠረገና የመንገደኛውን ክንድ ያዘ፤ ወደ ኒሙ ግንድ ሳብ አደረገው።

«ወንድሜ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ደሴ ነው የምትሄደው አይደል? ብርሃነ የፈሪሀን ቤት ያሳይሃል። ሳቢራን አንድ ነገር አናግርልኝ። እኔ ብነግራት ትስቅብኛለች፤ አንተ የምታነብ የምትጽፍ ሰው ነህ፣ ትሰማሃለች። እሷ ትቀቅል፣ እሷ ትሽጥ፣ በምኑም አልገባባትም። ብቻ ከጎኗ አንዲት በርጩማ ታስቀምጥልኝና እኔ ልላጥ። እንዲህ ብለህ ትለምንልኛለህ?»